በኮከብ ደጅ አቧራ ሲነሣ

ጠዋት ተጠርጎ ውኃ የተረጨበት ደጅ እኩለ ቀን ላይ አቧራ ለብሶ ከተገኘ፣ በዚያ በኩል የሆነ ነገር ማለፉን ለማወቅ ምስክር አያስፈልግም። ከብት ተነድቶበት ይሆናል፣ መኪና አልፎ ይሆናል፣ ወይም ጎረቤት አሮጌ ግድግዳ እያፈረሰ ይሆናል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ላለፉት አርባ ዓመታት ከዋክብትን ሲመረምሩ የተመሩበት ሐሳብ ከዚህ የደጅ ዕውቀት እምብዛም አይርቅም፦ የአንድ ኮከብ ዙሪያ አቧራማ ከሆነ እዚያ የሚፈርስ ነገር አለ።

ይህ ግን የሚሠራው ደጁን የሚጠርግ ሲኖር ብቻ ነው። ባልተጠረገ ደጅ ላይ ያለ አቧራ የዛሬ ይሁን የዓምና አይታወቅም። ኮከብ ደግሞ ሳያሰልስ ይጠርጋል።

መጥረጊያው ብርሃኑ ነው። ብርሃን ይገፋል። ፀሐይ መዳፋችን ላይ ስታርፍ ሙቀቷ እንጂ ግፊቷ አይሰማንም፤ መዳፍ ለእርሷ ከባድ ነገር ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺሕኛ ለምታንስ ቅንጣት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የተወቃ እህል በመንሽ ወደ ነፋስ ሲወረወር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ቀመር አያሻውም። ነፋሱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ፍሬው እግር ሥር ይወድቃል፣ እብቁ ግን ተንሳፍፎ ከአውድማው ውጪ ያርፋል። ደቃቁን አቧራም የኮከቡ ብርሃን እንደ እብቅ ጠርጎ ያወጣዋል።

ከዚያ ተለቅ ያለውን ቅንጣት ብርሃን ሊያባርረው አይችልም፤ ፍጥነቱን ግን ቀስ በቀስ ይቀማዋል። የክረምት ዝናብ ቀጥ ብሎ እየወረደ የሚሮጥ ሰው ይበልጥ የሚርሰው ከፊቱ ነው፤ ጠብታዎቹ ከፊት ለፊት የሚመጡ ይመስሉታል። ኮከቡን እየዞረ የሚሮጠውን ቅንጣትም ብርሃኑ ከፊቱ በጥቂቱ ዘንበል ብሎ ይመታዋል። በዚህ የተነሣ ቅንጣቱ ይዘገያል፣ እየተጠማዘዘ ወደ ኮከቡ ይወርዳል፣ በመጨረሻም ይተናል። ነገሩን እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ፖይንቲንግ በ1903 አነሣው፤ አሜሪካዊው ሃዋርድ ሮበርትሰን በ1937 ከአንስታይን ንድፈ ሐሳብ ጋር አስማምቶ አቃናው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ መጥረጊያዎች ደቃቁን አቧራ በጥቂት ዓመታት፣ ሻካራውን ደግሞ በሺዎች ወይም በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ያጸዱታል። የእኛ ፀሐይ ዕድሜ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ነው። ስለዚህ በጎለመሰ ኮከብ ዙሪያ የሚታይ አቧራ ከኮከቡ ልደት የተረፈ ሊሆን አይችልም። በቅርቡ የተፈጨ ነው።

የራሳችን ደጅም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ አቧራውንም ያለ መሣሪያ ማየት ይቻላል። በየካቲትና በመጋቢት፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ከከተማ መብራት ርቆ ጀንበር ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰው ከአድማሱ ተነሥቶ ወደ ላይ እየሾለ የሚሄድ ደብዛዛ የብርሃን ዓምድ ያገኛል። ደመና የሚመስለው ብዙ ነው። ዓምዱ የሚታየው በፕላኔቶች መካከል የተበተነው የጅራታም ከዋክብትና የአስትሮይዶች (ፀሐይን የሚዞሩ ትናንሽ ድንጋያማ አካላት) ብናኝ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ሲመልስ ነው። በሰሜን አውሮፓ ይህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ ጎኑን ተጋድሞ በአድማስ ጭጋግ ይዋጣል፤ እንደ ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከንጋት በፊት በምሥራቅ በኩል ሲታይ ደግሞ ሙስሊም ወገኖቻችን በስም ያውቁታል፦ ፈጅሩል ካዚብ፣ ሐሰተኛው ጎሕ። የጥንት ሊቃውንት ሐሰተኛው እንደ ተኩላ ጅራት ወደ ላይ የሚቆም፣ እውነተኛው ደግሞ በአድማሱ ላይ ወደ ጎን የሚሰፋ ነው ብለው ለይተውታል። የጾም መግቢያና የስግደት ሰዓት ስለሚወሰንበት መለየቱ የግድ ነበር። በእኔ ግምት የሰው ልጅ ስለ ፕላኔታዊ አቧራ ካደረጋቸው ምልከታዎች ሁሉ በጥንቃቄ የተመዘነው ይህ ነው።

የሌላ ኮከብ አቧራ የተገኘው ግን በአጋጣሚ ነው። በ1983 አሜሪካ፣ ኔዘርላንድስና ብሪታንያ በጋራ ያመጠቁት ኢራስ የተባለው የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ ሥራ ሲጀምር በትክክል መለካቱ መፈተሽ ነበረበት። ለመፈተሻም ቪጋ የተባለው ደማቅ ኮከብ ተመረጠ፤ ነጋዴ ሚዛኑን በታወቀ ኪሎ እንደሚፈትሽ ማለት ነው። ኪሎው ራሱ ግን ከሚጠበቀው በላይ መዘነ። ቪጋ ለዓይን በማይታየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ከሚገባው እጅግ በርትቶ ታየ። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ መሣሪያውን ጠረጠሩ፤ በኋላ ግን ኮከቡ ያሞቀው አቧራ የሚለቀው ሙቀት መሆኑ ተረጋገጠ። በተከታዩ ዓመት ቤታ ፒክቶሪስ በተባለ ኮከብ ዙሪያ ያለው የአቧራ ዝርግ ከቺሊ ተራሮች ፎቶግራፍ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ የተገኙት ብዙ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኔ ታሪኩ የሚጣፍጠው የፎማልሃውት ነው። ይህ ኮከብ በጥቅምትና በኅዳር ምሽቶች በደቡብ ሰማይ ላይ ብቻውን ደምቆ ይታያል፤ ርቀቱ 25 የብርሃን ዓመት ነው፤ ስሙ በዐረብኛ የዓሣ አፍ ማለት ነው። በ2008 ፖል ካላስ የመሩት ቡድን በሀብል ቴሌስኮፕ ባነሣቸው ምስሎች ላይ በኮከቡ የአቧራ ቀለበት አጠገብ የምትንቀሳቀስ ነጥብ አሳየ። ከእኛ ሥርዓተ ፀሐይ ውጪ ያለች ፕላኔት በዓይን ብርሃን ፎቶግራፍ ተነሣች ተብሎ ዓለም አወራው። ነጥቧ ግን ፕላኔት የሚያደርገውን አታደርግም ነበር። በኢንፍራሬድ ስትፈለግ አትገኝም። ከዓመት ዓመት እየደበዘዘችና እየሰፋች ሄደች፤ በመጨረሻም ጠፋች። በ2020 አንድራሽ ጋሽፓርና ጆርጅ ሪኬ ምስሎቹን ሁሉ መልሰው መርምረው ፕላኔት ጭራሹን እንዳልነበረች ገለጹ። የታየው እያንዳንዳቸው ወደ 200 ኪሎ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት በረዷማ አካላት ተጋጭተው ያስነሡት የአቧራ ደመና ነበር። ሰዎች ሞተ ያሉትን ግኝት እኔ ከመጀመሪያው ይበልጥ እወደዋለሁ። ፕላኔቶችማ በሺዎች ተገኝተዋል፤ ሁለት ዓለማት ተላትመው የወጣው ብናኝ ሲበተን ግን ስንት ጊዜ ታይቷል?

ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ሊሆን ይችላል፤ አቧራ ያሉት ውስጥ ፕላኔት አለ።

የኬፕለር ቴሌስኮፕ ከ2009 ጀምሮ 150 ሺህ ያህል ከዋክብትን ዓይኑን ሳይነቅል ይመለከት ነበር። ፕላኔት በኮከቡ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ በጥቂቱ ይቀንሳል፣ ካለፈች በኋላ ይመለሳል። ፕላኔት ድቡልቡል ጠጣር ነገር ስለሆነች ጥላዋ ምንጊዜም ያው ነው፤ ዛሬ ግማሽ በመቶ ከቀነሰች የዛሬ ዓመትም ግማሽ በመቶ ነው የምትቀንሰው። በ2012 ግን ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሳውል ራፓፖርትና ባልደረቦቻቸው ደንብ የማያውቅ ጥላ አገኙ። ሰዓቱን ያከብራል፤ በየ15.7 ሰዓቱ ይመጣል፣ አንዲት ደቂቃ አያዛንፍም። መጠኑ ግን በአንዱ ዙር 1.3 በመቶ ይሆንና በሌላው ከ0.2 በመቶ በታች ወርዶ ሊታይ እስከማይችል ድረስ ይጠፋል። የሰዓት አክባሪነቱ የፕላኔት ነው፤ የመጠኑ መዋዠቅ ግን የጢስ ነው።

የጥላው ቅርጽ ደግሞ ይበልጥ ተናጋሪ ነበር። ብርሃኑ በድንገት ይወርዳል፣ ሲመለስ ግን ይንቀረፈፋል። በአቧራማ መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና በመስኮት ፊት ሲያልፍ እንደሚሆነው ነው፦ መኪናው ሲደርስ ክፍሉ በአንዴ ይጨልማል፣ ካለፈ በኋላ ግን የተከተለው አቧራ እስኪሳሳ ድረስ ብርሃኑ ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው። ሌላም ነገር አለ። ጥላው ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ኮከቡ በጣም በትንሹ ይደምቃል። ይህን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በምስማር ቀዳዳ የገባ የፀሐይ ዘንግ ውስጥ የሚጨፍረው ብናኝ ከጎን ሲያዩት ደብዛዛ ነው፤ ወደ ቀዳዳው አቅጣጫ ሲያዩት ግን እንደ እሳት ፍንጣሪ ያበራል። ደቃቅ ብናኝ ብርሃንን ይበልጥ የሚበትነው ወደ ፊት ስለሆነ ነው። በ2,000 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለ ኮከብም ይህንኑ አሳየ። ጠጣር ድንጋይ እንዲህ አያደርግም።

ታዲያ ምን እየሆነ ነው? ዛሬ ኬፕለር 1520ቢ የምትባለው ይህች ፕላኔት ከሜርኩሪ የማትበልጥ ትንሽ ዓለም ናት፤ ከኮከቧ ጋር ግን እፍ እፍ ያለች ጎረቤት ሆናለች። ወደ ኮከቡ የዞረው ፊቷ ከ1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። በዚህ ሙቀት ድንጋይ ይቀልጣል፤ የቀለጠውም ይተናል። ከድስት የወጣ እንፋሎት ከፍ ሲል ቀዝቅዞ ወደ ጠብታ እንደሚለወጥ ሁሉ የድንጋይ እንፋሎትም ከገጹ ርቆ ሲቀዘቅዝ ወደ ጠጣር ብናኝ ይለወጣል። ብናኙን የኮከቡ ብርሃን ወደ ውጪ ይገፋዋል፤ ከኮከብ የራቀ ነገር ደግሞ በዝግታ ስለሚዞር ብናኙ ከፕላኔቷ ኋላ ይቀራል። ጅራቱ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ከጅራታም ኮከብ ጋር መልካቸው ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ጅራታም ኮከብ በረዶ ማትነኑ፣ ይህች ግን አለት ማትነኗ ነው።

ምድር በዚያ ስፍራ ብትሆን እንዲህ አትፈርስም ነበር። ገጿ ቢቀልጥም ስበቷ ጠንካራ ስለሆነ እንፋሎቱን ይዛ ታስቀረዋለች። የሚፈርሱት ትናንሾቹ ናቸው፤ ባነሱ ቁጥርም ያላቸውን የመያዝ አቅም ያጣሉ፣ ባጡ ቁጥርም ይበልጥ ያንሳሉ። መጨረሻው ሩጫ ነው። በዚህ ምክንያት እንዲህ ያለችውን ፕላኔት በሥራ ላይ ማግኘት ብርቅ ነው፤ የመጨረሻዋ ዘመን ከኮከቡ ዕድሜ ጋር ሲተያይ እጅግ አጭር ነው። እስካሁን ከታወቁት ከስድስት ሺህ በላይ ፕላኔቶች መካከል እንዲህ በኮከባቸው ሙቀት እየተበተኑ የተገኙት አራት ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥላው ያልተስተካከለ ሁሉ ፕላኔት እየፈረሰችበት ነው ማለት አይደለም። ታቢታ ቦያጂያን ያስተዋወቀችው ኬአይሲ 8462852 የተባለ ኮከብ በአንድ ወቅት ብርሃኑ እስከ 22 በመቶ ወርዶ ነበር። በ2015 ወሬው ሲወጣ የሩቅ ዓለም ፍጡራን የሠሩት ግንባታ ነው እስከመባል ተደረሰ። ምላሹን የሰጠው ቀለም ነው። ግንባታ ቢሆን ቀዩንም ሰማያዊውንም እኩል ይጋርድ ነበር፤ የታየው ግን ሰማያዊው ይበልጥ ሲጋረድ ነው። በበጋ አቧራ ውስጥ የምትጠልቅ ጀንበር የምትቀላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥላው የአቧራ ነበር።

እስከዚህ ድረስ አቧራው የነገረን አንድ ነገር እየፈረሰ መሆኑን ነው። ፍርስራሽ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አለው፤ የውስጡን ያሳያል። በእግራችን ሥር ያለችውን ምድር እንኳ ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም ጠልቀን አልቆፈርናትም። የሌላ ዓለም ሆድ ዕቃ የሚታየው ዓለሙ ሲሰባበር ነው።

ይህን ዕድል አብዝተው የሰጡት የሞቱ ከዋክብት ናቸው። እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ ያብጣል፣ ልብሱን ይጥላል፣ ከዚያም ምድርን የሚያህል፣ ግን የፀሐይን ግማሽ ያህል የሚመዝን ነጭ ድንክ ኮከብ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ሂደት የተረፉት አስትሮይዶችና ፕላኔቶች መንገዳቸው ይዛባል። ወደ ድንኩ አለልክ የተጠጋውን አካል ስበቱ ይበጣጥሰዋል፤ ወደ ኮከቡ የዞረው ጎኑ ከጀርባው ይበልጥ ስለሚሳብ ሁለት ሰዎች እንደሚጓተቱበት ዳቦ ይቆረሳል። ቁራሹ ተፈጭቶ ቀስ በቀስ ኮከቡ ላይ ይወድቃል።

እዚህም ላይ መጥረጊያ አለ። የነጭ ድንክ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ሃይድሮጅን ወይም ሂሊየም ነው፤ ከባድ ንጥረ ነገር ቢወድቅበት ወደ ውስጥ ይሰምጣል። በአንዳንዶቹ በቀናት ውስጥ፣ በሌሎቹ በሚሊዮን ዓመታት። ስለዚህ በገጹ ላይ ብረት ወይም ካልሲየም ከታየ በቅርቡ የወደቀ ነው። ከነጭ ድንኮች መካከል ከአራቱ አንዱ፣ ምናልባትም ግማሾቹ፣ እንዲህ ባለ ዱካ ተበክለው ተገኝተዋል። የሚገርመው የመጀመሪያው ማስረጃ በ1917 በካሊፎርኒያ፣ የኮከብ ብርሃን በየቀለሙ ተከፍሎ፣ የተነሣ የመስታወት ፎቶግራፍ መሆኑ ነው። ቫን ማነን በተባለው ነጭ ድንክ ላይ የካልሲየም መስመር በግልጽ ይታያል፤ ትርጉሙን ያወቀ ግን አልነበረም። መስታወቱ መቶ ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ በመዝገብ ቤት ተቀመጠ።

በ2015 ደግሞ ያኔ በሃርቫርድ ተማሪ የነበረው አንድሩ ቫንደርበርግ ከባልደረቦቹ ጋር ድርጊቱን እጅ ከፍንጅ ያዘው። ደብሊውዲ 1145+017 የተባለ ነጭ ድንክ በየ4 ሰዓት ተኩሉ ይደበዝዝ ነበር፤ ድብዛዜው እስከ 40 በመቶ ይደርስ ነበር። ኮከቡ ምድርን የሚያህል ትንሽ ስለሆነ አንድ የአቧራ ደመና ግማሽ ፊቱን ሊሸፍነው ይችላል። በገጹም ላይ ማግኒዚየም፣ አሉሚኒየም፣ ሲሊኮን፣ ካልሲየም፣ ብረትና ኒኬል ተገኙ። ወንጀሉም ተጠርጣሪውም በአንድ ስፍራ ማለት ነው። በአጠቃላይ ሲታይ እነዚህ ድንኮች የዋጡት ፍርስራሽ ከእኛው አለት ብዙም አይለይም፤ ልዩ የሚባሉም አሉ። ጂዲ 61 የተባለው ድንክ ላይ በ2013 የተለካው የኦክስጅን ብዛት የወደቀበት አካል ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ውኃ እንደነበረ ያመለክታል።

በሕይወት ባለ ኮከብ ደጅ ይህን ማድረግ ከባድ ነው፤ ኮከቡ ራሱ ብረትም ሲሊኮንም ሞልቶታል። መመርመር ያለበት ጅራቱ ነው። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በ2024 ኬ2-22ቢ ወደተባለችው፣ በየ9 ሰዓቱ ኮከቧን ወደምትዞረው ፈራሽ ፕላኔት ዞሮ ነበር። የዚህች ነገር ከመጀመሪያውም ግራ የሚያጋባ ነው፤ አቧራዋ ይበልጡን የሚሄደው ከፊቷ ነው። ኮከቧ ደብዛዛ ስለሆነ ብርሃኑ አቧራውን ወደ ውጪ የመግፋት አቅም ያንሰዋል፤ ወደ ኮከቡ ያደላው አቧራ ደግሞ እንደ 10,000 ሜትር ሯጭ የውስጠኛውን መም ይዞ ይቀድማታል። ጄምስ ዌብ ያገኘው ፍንጭ ከተራ አለት ይልቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ናይትሪክ ኦክሳይድን የሚመስል ጋዝ ነው፤ ይህም በረዷማ ከሆነ አካል ይጠበቃል እንጂ ከኮከብ አፍንጫ ሥር ካለ ድንጋይ አይጠበቅም። ኮከቧ ሩቅና ደብዛዛ በመሆኗ ልኬቱ ገና አከራካሪ ነው። የሚያስፈልገው ቀረብ ያለ፣ ደማቅ ኮከብ ነበር።

በ2025 ተገኘ። ማርክ ሆንና ባልደረቦቹ በኤምአይቲ ሆነው የቴስ ቴሌስኮፕን መረጃ ሲያዩ በ140 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያች የምትታወቅ ጥላ፣ በድንገት የምትወርደውና እየተንቀረፈፈች የምትመለሰው፣ ብቅ አለች። የፕላኔቷ ስም ቢዲ+05 4868 ኤቢ ይባላል። ስሙ አያምርም። ኢትዮጵያ በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ዕድል ሰጥቷት ኤችዲ 16175 የተባለውን ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱን ደግሞ አቦል ብላ ስትሰይም እንደዚህ ካለው ቁጥር የተሻለ ነገር እንደሚቻል አሳይታለች። ቁጥሩ ግን አንድ ነገር ይናገራል። +05 የሚለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቦን ላይ የተዘጋጀው የከዋክብት መዝገብ ያሰፈረው ሲሆን ኮከቡ ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ በላይ በሰማይ ላይ ከሚታሰበው መስመር) በስተሰሜን በአምስተኛው ዲግሪ መታጠቂያ ላይ መሆኑን ያመለክታል። አዲስ አበባ በ9ኛው ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ኮከቡ ፔጋሰስ በተባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ሆኖ ከአናታችን ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። በዓይን አይታይም፤ ለትንሽ ቴሌስኮፕ ግን አይከብድም።

ፕላኔቷ በሜርኩሪና በጨረቃ መካከል ያለ ክብደት አላት። ኮከቧን በ30.5 ሰዓት ትዞራለች፤ ገጿ ወደ 1,600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። አቧራዋ ከፊትም ከኋላም ተዘርግቶ እስከ 9 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ የምሕዋሯን ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። በእያንዳንዱ ዙር የኤቨረስት ተራራን የሚያህል ቁስ ከላይዋ ላይ ይነሣል። በዚህ አያያዝ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ውስጥ አልቃ ትጠፋለች። ይህም በኮከብ ቀን መቁጠሪያ ነገ ማለት ነው።

ዛሬ ማታ ከዚያ የሚደርሰን ብርሃን መንገድ የጀመረው አዲስ አበባ በምትቆረቆርበት ዘመን ነበር። ብርሃኑ ሲጓዝ ፕላኔቷ አልቆመችም። ከዚያ ወዲህ ኮከቧን ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ ዞራለች፤ በእያንዳንዱም ዙር አንድ ኤቨረስት።